የአጥቢያ መጋቢዎችን በቡድን ውይይት ለደቀ መዝሙርነት ማሠልጠን፦ ውይይቱ ወደ ስብከት እንዳይለወጥ ምን እናድርግ?

ዘሪው (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን።

ከተለያዩ አጥቢያዎች የተውጣጡ 16 መጋቢዎችን በወር አንድ ጊዜ ለግማሽ ቀን እየሰበሰብን በደቀ መዝሙርነት ላይ እናሠለጥናለን። ዕቅዱ የአንድ ዓመት ነው። ሥልጠናው በንግግር ሳይሆን በውይይት እንዲሆን ተስማምተን ነበር፤ በተግባር የሚታየው ግን ሌላ ነው። አወያዩ ይጠይቃል፣ ሁለት ታላላቅ አገልጋዮች በየተራ ረዘም አድርገው ይመልሳሉ፣ የቀረው “አሜን” ይላል፣ ሰዓቱ ያልቃል። ወደየአጥቢያቸው ሲመለሱም የሚለወጥ ነገር አይታይም።

ተሳታፊዎቹ በጣም ይለያያሉ። ከነገረ መለኮት ኮሌጅ የተመረቁ አሉ፤ ንባብ የሚከብዳቸውም አሉ። በአገልግሎት ሠላሳ ዓመት የቆየና ገና ሁለተኛ ዓመቱን የያዘ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። የመጡትም ከአንድ ቤተ እምነት ብቻ አይደለም።

የቡድኑ መጠንና የሰዓቱ አከፋፈል እንዴት ቢሆን ይሻላል? ሰውን የሚያናግረው ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? ታላላቆቹን ሳናስቀይም ለታናናሾቹ እንዴት ቦታ እንስጥ? ፍሬ ማፍራቱስ በምን ይታወቃል? ሥራውን የምታውቁ እስከ ዝርዝሩ ብታካፍሉን።

መቅረዝ

ሰላም ዘሪው። በመጀመሪያ 16 ሰው በአንድ ክብ ማስቀመጡ ይቁም። 40 ደቂቃ ለ16 ሰው ሲካፈል ለእያንዳንዱ ሁለት ደቂቃ ተኩል ነው የሚደርሰው፤ ያውም ማንም ካልተንዛዛና አወያዩ አንድም ቃል ካልተናገረ። ለስምንት ሰው ሲሆን አምስት ደቂቃ ይሆናል። ስለዚህ ሁለት ቡድን፣ ስምንት ስምንት ሰው፣ ሁለት አወያይ። ከአምስት ካነሰ ሁለት ሰው የቀረ ዕለት ቡድኑ ይፈርሳል፤ ከስምንት ከበለጠ ደግሞ ዝም ብሎ መደበቅ ይቻላል። ሁለቱን ታላላቆች በተለያየ ቡድን መድቧቸው። ንባብ የሚከብዳቸውን ግን ለብቻ አትለዩ፤ “የደካሞች ቡድን” የሚል ስም አንዴ ከወጣ የሚመለስ ሰው አይኖርም።

ግማሽ ቀን ካላችሁ ሦስት ሰዓት ሙሉ ተጠቀሙ። 10 ደቂቃ ጸሎትና ሰላምታ፤ 40 ደቂቃ ካለፈው ወር የተመለሰ ሪፖርት፤ 50 ደቂቃ በአንድ የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍል ላይ ውይይት፤ 15 ደቂቃ ዕረፍት፤ 40 ደቂቃ አንድ መጋቢ ያመጣው የአገልግሎት ጉዳይ፤ 15 ደቂቃ ለቀጣዩ ወር የሚወሰን ሥራ፤ 10 ደቂቃ ጸሎት። ድምሩ 180 ነው።

ሰዓት ሲጠብ ሁልጊዜ የሚቆረጠው ሪፖርቱና የመጨረሻው 15 ደቂቃ ነው። “ወደ ቃሉ እንግባ” ተብሎ ሪፖርቱ ይዘለላል፤ ውይይቱ ጥሟል ተብሎ የሚሠራው ሥራ ሳይወሰን ይበተናል። ሥልጠናው ፍሬ የሚያጣው እዚህ ላይ ነው እንጂ በውይይቱ ጥራት አይደለም። ሰዓት ካነሰ ከመካከሉ ቁረጡ፤ ሁለቱን ጫፎች አትንኩ። በማርቆስ 6 ጌታ አሥራ ሁለቱን ሁለት ሁለት አድርጎ ላካቸው (ቁጥር 7)፣ ተመልሰው ያደረጉትንና ያስተማሩትን ሁሉ ነገሩት (ቁጥር 30)፣ ከዚያ ጥቂት ዕረፉ አላቸው (ቁጥር 31)። መላክ፣ መመለስ፣ መናገር፣ ማረፍ። እኛ ብዙ ጊዜ የምናሠለጥነው ካልተላከና ካልተመለሰ ሰው ጋር ነው።

ሪፖርቱ በሦስት ጥያቄ ብቻ ይመራ፦ ምን ለማድረግ ወስነህ ነበር? ምን ሆነ? ምን አገደህ? ያላደረገ ሰው አይወቀስ፤ አንዴ ከተወቀሰ በሚቀጥለው ወር ወይ ይቀራል ወይ ያልሠራውን ሠራሁ ይላል። ይልቁን ሥራው ይነስለት። አራት ሰው ማግኘት ያልቻለ አንድ ሰው ያግኝ።

የሚወሰነው ሥራ ማን፣ መቼ፣ ምን የሚሉትን ሦስቱን መመለስ አለበት። “በአጥቢያዬ ደቀ መዝሙርነትን አጠናክራለሁ” ሥራ ሳይሆን ምኞት ነው። “በሚቀጥሉት ሁለት ማክሰኞዎች፣ ማታ፣ ከሁለት ወጣት አማኞች ጋር ማርቆስ 1፥14–20ን አንብበን ሦስት ጥያቄ እንወያያለን” ሥራ ነው። አንድ ሰው በወር ከአንድ በላይ እንዳይዝ፤ የሚናገረውንም ራሱ በቃሉ ይናገረው፣ አወያዩ ደግሞ ይጻፈውና በሚቀጥለው ወር ከዚያው ወረቀት ላይ ያንብብለት።

በሁለቱ ስብሰባዎች መካከል ያለው ወር ረጅም ነው። ቡድኑን ጥንድ ጥንድ አድርጋችሁ በሳምንት አንዴ ለ20 ደቂቃ በስልክም ሆነ በአካል ይገናኙ። ሁለት ነገር ብቻ፦ ሥራው የት ደረሰ፣ ምን ላይ ልጸልይልህ።

ጠያቂ_ልሳን

መቅረዝ ስለ ሰዓቱ ያለው ላይ የምጨምረው የለኝም። እኔ ስለ ጥያቄው ልበል።

መጋቢዎችን ማወያየት ሌላ ሰው ከማወያየት የሚከብደው መልስ ስለማያጡ ነው። ሙያቸው መመለስ ነው። ጥያቄው እንደወጣ ድምፃቸው ወደ መድረክ ድምፅ ይቀየራል፣ ሰዋስዉም ወደ ሦስተኛ ሰው ይዞራል፦ “አማኝ ሁልጊዜ በጸሎት መትጋት አለበት።” እውነት ነው፤ ግን ማንም ምንም አልተናገረም። “አማኝ” እና “አለበት” የሚሉት ቃላት ሲበዙ አወያዩ በትሕትና ወደ አንደኛ ሰውና ወደ ቅርብ ጊዜ ይመልሰው፦ “ባለፈው ሳምንትስ በአንተ ዘንድ እንዴት ነበር?”

ለአንድ ክፍል ከአምስት እስከ ሰባት ጥያቄ ይበቃል፤ አሥራ አምስት አዘጋጅቶ መሮጥ ጥሩ አይደለም። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ክፍሉ ምን ይላል፣ ምን ማለት ነው፣ በእኔ አገልግሎት ውስጥ የት ይነካል፣ ምን አደርጋለሁ። ከሁለተኛው ወደ አራተኛው መዝለል ያምራል፤ የሚያሠለጥነው ግን ሦስተኛው ነው።

ለምሳሌ 1ኛ ጴጥሮስ 5፥1–4ን ውሰዱ። ለመጀመሪያው እርከን፦ “ጴጥሮስ ሽማግሌዎችን ‘እንዲህ ሳይሆን እንዲህ’ እያለ ሦስት ነገር ያነጻጽራል፤ ከክፍሉ አውጡልን።” (በግድ ሳይሆን በፈቃድ፤ ለነውረኛ ትርፍ ሳይሆን በፍላጎት፤ በመግዛት ሳይሆን ምሳሌ በመሆን።) ለሁለተኛው፦ “ሐዋርያ ሆኖ ሳለ ራሱን ከእነርሱ ጋር እንደ ሽማግሌ አድርጎ ያቀረበው ለምን ይመስላችኋል?” እንዲሁም “ቁጥር 4 ላይ የእረኞች አለቃ መጠቀሱ ቁጥር 3ን እንዴት ያጠናክረዋል?” ለሦስተኛው፦ “ከሦስቱ አንተን በዚህ ዓመት ይበልጥ የሚፈትንህ የትኛው ነው? በምን አወቅህ?” “በአጥቢያህ ሰዎች የሚታዘዙህ ስለሚፈሩህ ነው ወይስ ሕይወትህን ስለሚያዩ? በምን ትለየዋለህ?” ለአራተኛው፦ “ከመንጋው ሕይወትህን በቅርብ የሚያይ አንድ ሰው ማን ይሁን? ምን እንዲያይ ትፈቅድለታለህ?” የመጨረሻው ጥያቄ ላይ ዝምታ ይሆናል። ተዉት፤ በልባችሁ እስከ አሥር ቁጠሩ። አወያዮች አብዛኛውን ጊዜ በሦስተኛው ሰከንድ ራሳቸው መልሰው ውይይቱን ይገድሉታል።

የሚያበላሹ ጥያቄዎችን ለመለየት ቀላል ነው። አዎ ወይም አይ የሚመለስበት፤ መልሱ በአወያዩ ልብ ተደብቆ ሌላው የሚገምትበት፤ ሁለት ጥያቄ በአንድ የታሸገበት፤ “መጸለይ” ብሎ መመለስ ሁልጊዜ የሚያዋጣበት። ጥያቄውን ከጻፋችሁ በኋላ “ክፍሉን ያላነበበ ሰው በደንብ ሊመልሰው ይችላልን?” ብላችሁ ፈትኑት። ከቻለ፣ ጥሉት።

አወያዩ ከጠቅላላው ሰዓት ከአምስት አንዱን እጅ ብቻ ይናገር። ይህን በስሜት መመዘን አይቻልም። አንድ ተሳታፊ የስም ዝርዝር ይዞ ሰው በተናገረ ቁጥር ከስሙ አጠገብ ጭረት ያድርግ፤ በዕረፍት ሰዓት ወረቀቱን ለአወያዩ ብቻ ያሳየው። በክብ ውስጥ ሳይታወቅ ማን እንደተረሳ ወዲያው ይወጣል።

ንባብ ስለሚከብዳቸው፦ ወረቀት ላይ የሚሞላ ነገር አታቅርቡ። ክፍሉን ሁለት የተለያዩ ሰዎች ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያንብቡት፤ ከዚያ መጽሐፉ ይዘጋና አንድ ሰው በራሱ ቃል ይተርከው፤ ሌሎቹ የቀረውን ይሙሉ፣ የተጨመረውን ያርሙ። እስከ 12 ደቂቃ ይወስዳል። ማንበብ የማይችለው ብዙ ጊዜ ከተማረው በተሻለ ይተርካል፤ የተማረው ደግሞ ሃያ ጊዜ በሰበከበት ክፍል ውስጥ ያላየውን ያያል። ሌላ ጥቅምም አለው፦ ይህን መንገድ መጋቢው በማግስቱ በአጥቢያው ያለ ምንም ወረቀት ሊደግመው ይችላል። በሥልጠና ላይ የምንጠቀምበት ነገር ሁሉ በዚህ ይመዘን፤ ተሳታፊው ቤቱ ሄዶ ሊደግመው የማይችለው ዘዴ እዚያው አዳራሹ ውስጥ ይቀራል።

አክሊል

ስለ ታላላቆቹ ብቻ አጠር አድርጌ፦

በስብሰባ መካከል አታቋርጧቸው። አስቀድማችሁ ለብቻቸው አነጋግሯቸው፤ ሐዋርያት ሥራ 18፥26 ላይ ጵርስቅላና አቂላ አጵሎስን ወደ እነርሱ ወስደው ነው የገለጡለት፣ በምኩራብ አልተነሡበትም። “አባታችን፣ ታናናሾቹ እርስዎ ከተናገሩ በኋላ አፋቸው ይያዛል፤ በርስዎ ፊት መናገር እንዲለምዱ ይርዱን” ብትሏቸው አብዛኞቹ ደስ ብሏቸው ይተባበራሉ። ክብር የነፈጋቸው ሰው ሲመጣ ነው የሚያስቸግሩት።

ከዚያ ሥራ ስጧቸው። አንዱ የሰማውን በሁለት ደቂቃ ጠቅልሎ የሚናገር፣ ሌላው ለተናገረው ሰው የሚጸልይ ይሁን። ጠቅልሎ የሚናገር ሰው መስማት ግድ ይለዋል።

ሥርዓቱም ያግዝ። ሁሉም አንድ አንድ ጊዜ ሳይናገር ሁለተኛ ዙር የለም። ንግግሩ በአገልግሎት ዘመን ከታናሹ ይጀመር፤ ታላቅ ከተናገረ በኋላ ታናሽ የተለየ ሐሳብ ማምጣት አይችልምና። ከባድ ጥያቄ ሲሆን መጀመሪያ ሁለት ደቂቃ በዝምታ፣ ቀጥሎ አራት ደቂቃ ጥንድ ጥንድ ሆኖ፣ ከዚያ በክብ። ለአንድ ሰው የተናገረውን ለስምንት ሰው መድገም አያስፈራም።

ሥር_መሠረት

የተባለው ሁሉ ጥሩ ነው፤ አንድ ነገር ግን ያሳስበኛል። ስምንት ሰው የማያውቀውን ጉዳይ ተሰብስቦ ስለተወያየበት ብቻ ዕውቀት አይገኝም። “ንግግር ይቁም፣ ውይይት ይሁን” የሚለው መፈክር ሲጋነን ትምህርት የሌለው ሥልጠና ይወጣል፤ ሁሉም የመሰለውን ተናግሮ፣ ሁሉም ተከብሮ፣ ስሕተቱም አብሮ ተከብሮ ይበተናል።

በ1963 በጓቲማላ የፕሬስቢቴሪያን ሴሚናሪ የጀመረው፣ በኋላም ወደ ብዙ አገሮች የተስፋፋው የርቀት ነገረ መለኮት ሥልጠና ይህን ችግር በደንብ ፈትቶታል። መነሻው፣ ለትምህርት ወደ ከተማ የመጡት ብዙዎቹ ወደ ገጠር አጥቢያቸው አለመመለሳቸውና እዚያው ያሉት እውነተኛ መሪዎች ደግሞ ቤተሰብና ሥራ ትተው ለዓመታት መምጣት አለመቻላቸው ነበር። ስለዚህ ትምህርቱ ወደ እነርሱ ሄደ። ሦስት ነገር ነበረው፦ ሰውዬው በራሱ ጊዜ የሚያጠናው ጽሑፍ፣ በአጥቢያው የሚሠራው አገልግሎት፣ በየጊዜው ከአስተማሪው ጋር የሚደረግ ውይይት። ውይይቱ ባዶ ሜዳ ላይ አልነበረም፤ ሁሉም አንብቦና ሠርቶ ነበር የሚመጣው።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ ወር ከአራት እስከ ስድስት ገጽ ቅድመ ንባብ ይኑር፤ ንባብ ለሚከብዳቸው ያንኑ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ በድምፅ ቀድታችሁ ላኩላቸው። ከስብሰባው ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀድሞ ይድረስ። ከስድስት ገጽ በላይ ብታበዙት አያነቡትም፤ ባያነቡት ደግሞ አወያዩ ሊያነብላቸው ይገደዳል፣ ወደ ንግግሩም ተመለስን ማለት ነው።

በውይይት ላይ የተሳሳተ ትምህርት ሲነሣ አወያዩ በሦስት እርምጃ ይሂድ። መጀመሪያ “ይህን ከየትኛው ቁጥር አገኘኸው?” ብሎ ይጠይቅ፤ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ነገር እዚህ ላይ ራሱን ያርማል። ካልሆነ “ሌሎቻችሁ ክፍሉን እንዴት አነበባችሁት?” ብሎ ለቡድኑ ይስጠው። ካልተፈታ ራሱ በሁለት ወይም በሦስት ዓረፍተ ነገር በግልጽ ይመልስ፤ ስለ ክርስቶስ ማንነትና ስለ ድኅነት ያለ ስሕተት “የተለያየ አመለካከት” ተብሎ አይታለፍ። በቤተ እምነቶች መካከል የሚታወቁት ልዩነቶች ግን፣ እንደ ጥምቀት አፈጻጸምና የጸጋ ስጦታዎች አጠቃቀም፣ በመጀመሪያው ቀን በስምምነት ከጠረጴዛው ይነሡ። አለበለዚያ ከእነዚህ አንዱ ሲነሣ 50ው ደቂቃ እዚያ ያልቃል።

ስለ ሪፖርቱ ግን ከመቅረዝ ጋር ነኝ። የሜቶዲስት እንቅስቃሴ መሥራች የሆነው የጆን ዌስሊ የክፍል ስብሰባዎች (አባላት በየትንንሽ ቡድን የሚገናኙባቸው) በ1742 በብሪስቶል የተጀመሩት ለጥናት አልነበረም፤ የጸሎት ቤቱን ዕዳ ለመክፈል ነበር። አባላቱ አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት ያህል ሆነው ተመደቡ፤ ለየክፍሉ የተመደበው ሰው በየሳምንቱ አንድ አንድ ሳንቲም ለመሰብሰብ ቤት ለቤት ሲዞር የሰዎቹን ኑሮ አየ፣ ያየውም ሁሉ ደስ የሚያሰኝ አልነበረም። ዌስሊ የገንዘብ መሰብሰቢያውን ነፍስን ወደ መጠበቂያ የቀየረው ከዚያ ነው። ስብሰባዎቹን ያጸናቸው በየሳምንቱ “ነፍስህ እንዴት ናት?” የሚለው ጥያቄ እንጂ የሥርዓተ ትምህርት ብዛት አይደለም።

ጠያቂ_ልሳን

ሥር_መሠረት፣ ቅድመ ንባቡን እቀበላለሁ። ግን ንባቡ ውይይቱ በሚደረግበት ክፍል ላይ የተጻፈ ማብራሪያ አይሁን፤ ከሆነ ሁሉም ማብራሪያውን ይደግማል፣ ክፍሉን የሚያነብ ይጠፋል። የታሪኩን ዳራ፣ የቃላትን ፍቺ፣ የመጽሐፉን አጠቃላይ ሐሳብ ይስጥ፤ ድምዳሜውን ለቡድኑ ይተው።

ጽላል

ርዕሱ ማሠልጠን ብቻ አይደለም፣ ማበረታታትም ነው። መጋቢ ሁሉን ይሰማል፤ እርሱን የሚሰማ ግን ያጣል። ያ 40 ደቂቃ የአገልግሎት ጉዳይ በትክክል ከተያዘ ከሦስቱ ሰዓት ሁሉ የሚናፈቀው እርሱ ይሆናል፤ በዘፈቀደ ከተያዘ ደግሞ ሰው የሚቆስልበት ነው።

አከፋፈሉ እንዲህ ይሁን። አንድ መጋቢ (ከወር በፊት የተነገረው) ጉዳዩን በ5 ደቂቃ ያቀርባል፦ ምን ሆነ፣ እኔ ምን አደረግሁ፣ የጨነቀኝ የቱ ነው። ቀጥሎ 5 ደቂቃ ለማብራሪያ ጥያቄ ብቻ፤ “መቼ ነበር?” “ሽማግሌዎቹ ያውቃሉ?” የመሳሰለው። ቀጥሎ 15 ደቂቃ የሚያሳስብ ጥያቄ፤ እዚህም ምክር አይፈቀድም፣ “ለምን እንዲህ አላደረግህም?” የሚለው በጥያቄ ልብስ የመጣ ምክርም ጭምር። ከዚያ 10 ደቂቃ እያንዳንዱ አንድ ሐሳብ ወይም አንድ ቃለ እግዚአብሔር ያካፍላል። በመጨረሻው 5 ደቂቃ ባለጉዳዩ ራሱ ምን ይዞ እንደሚሄድ ይናገራል፣ ይጸለይለታል።

የሚበላሸው በሁለት መንገድ ነው። የመጀመሪያው ገና በሁለተኛው ደቂቃ መፍትሔ መዝነቡ ነው፤ ሰውዬው ጉዳዩን ሳይጨርስ አምስት ምክር ይደርሰዋል፣ አንዳቸውም የእርሱን ጉዳይ አይነኩም። ሁለተኛው “ጸልይበት ወንድሜ” የሚለው ነው። ጸሎት እንደ ክዳን ሲያገለግል ያሳዝናል፤ ሰሚው ስለከበደው ብቻ ድስቱን ይከድነዋል። በእውነት የሚጸልይ ሰው እዚያው፣ ስሙን ጠርቶ፣ በነገሩ ላይ ይጸልይ።

ምሥጢር ስለ መጠበቅ፦ የምእመናን ስም አይጠራ፤ ስሙ ሳይጠራ የሚታወቅ ታሪክ ከሆነም ዝርዝሩ ይቀየር ወይም ጉዳዩ አይቅረብ። በቡድኑ የተነገረ ለትዳር ጓደኛም አይነገር፣ ለስብከት ምሳሌም አይዋል። ነገር ግን ምሥጢር ወሰን አለው፣ ወሰኑም በመጀመሪያው ቀን ይነገር፦ በሕፃን ላይ የሚደርስ ጥቃት፣ በቤት ውስጥ የሚደርስ ድብደባ፣ ራስን ወይም ሌላውን የመግደል ሐሳብ ከተሰማ ዝም አይባልም፤ ጉዳዩ ለሚመለከተው አካል ይደርሳል። ይህን አስቀድሞ ያልተናገረ ቡድን ችግሩ ሲመጣ ወይ ኃጢአት ይሸፍናል ወይ ቃሉን ያፈርሳል።

ሌላው በዝምታ የሚታለፍ ነገር፦ መጋቢውን የሚሾመው፣ የሚያዛውረው ወይም ደመወዙን የሚወስነው ሰው በክቡ ውስጥ መቀመጥ የለበትም። ምንም ያህል ደግ ቢሆን። በእርሱ ፊት ሁሉም አጥቢያ እያደገ፣ ሁሉም ቤት በሰላም ነው። ይመርቅ፣ ይክፈት፣ ይሂድ።

ማበረታታት ማለትም ማሞገስ አይደለም። “ጌታ በኃይል እየተጠቀመብህ ነው” ማንንም አይይዝም። “ባለፈው ወር አንድ ሰው ብቻ መጣ ብለህ አፍረህ ነበር፤ ግን አራቱንም ሳምንት አልቀረህም” የሚለው ይይዛል፤ የሚታይ ነገር ስለጠቀሰ።

ዘሪው (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ከጠየቅሁት በላይ ነው። ሦስት ነገር ቀረኝ። ለ12 ወር የሚሆን የክፍሎች ቅደም ተከተል ብታመለክቱን? የሚደጋግም ቀሪ ሲኖርስ? ስለ ፍሬው መለኪያ ደግሞ ማንም አልነካም።

መቅረዝ

ለክፍሎቹ አንድ አማራጭ ይኸውና። ማርቆስ 1፥14–20፣ ማርቆስ 3፥13–15፣ ሉቃስ 9፥23–26፣ ዮሐንስ 15፥1–8፣ ሉቃስ 10፥1–20፣ ማርቆስ 10፥35–45፣ ዮሐንስ 13፥1–17፣ ሐዋርያት ሥራ 20፥17–38፣ 1ኛ ተሰሎንቄ 2፥7–12፣ 1ኛ ጴጥሮስ 5፥1–4፣ 2ኛ ጢሞቴዎስ 2፥1–7፣ ማቴዎስ 28፥16–20። መጀመሪያ መጠራት፣ ቀጥሎ ከጌታ ጋር መሆን፣ ከዚያ መላክ፣ ከዚያ የመሪ ልብ፣ በመጨረሻ ለሌላው ማስረከብ። ማቴዎስ 28ን ሆን ብዬ ነው መጨረሻ ያደረግሁት፤ ሁሉም በቃሉ ስለሚያውቀው በመጀመሪያው ወር ካመጣችሁት ውይይት ሳይሆን 16 ስብከት ታገኛላችሁ። ከአሥራ አንድ ወር ሥራ በኋላ ሲመጣ ግን ሰዎቹ ከቁጥሩ ጋር የሚያያይዙት የራሳቸው ነገር ይኖራቸዋል።

ለቀረ ሰው ትምህርቱን ከመጀመሪያው አትድገሙ፤ የቡድኑ ሰዓት በእርሱ ይበላል። ጥንዱ በዚያው ሳምንት ደውሎ በ20 ደቂቃ ያካፍለው፣ የሚሠራውንም ሥራ አብረው ይወስኑ። ሁለት ጊዜ በተከታታይ ከቀረ አወያዩ ሳይሆን ጥንዱ ቤቱ ሄዶ ይጠይቀው። ብዙ ጊዜ የሚያስቀረው ስንፍና አይደለም፤ የተሰጠውን ሥራ ስላልሠራ አፍሮ ነው። ያኔ “ሳትሠራም ና” መባል አለበት።

ስለ መለኪያው፦ የተሰብሳቢ ቁጥር አትጠይቁ። ቁጥር ከተጠየቀ ቁጥር ይመጣል፣ እውነት ግን አይመጣም። በ2ኛ ጢሞቴዎስ 2፥2 አራት ትውልድ ይታያል፦ ጳውሎስ፣ ጢሞቴዎስ፣ የታመኑ ሰዎች፣ ሌሎች። በስድስተኛውና በአሥራ ሁለተኛው ወር እያንዳንዱ መጋቢ በዚያው መስመር ይጠየቅ። በቋሚነት የምታገኛቸው ሁለት፣ ሦስት ሰዎች አሉ? ስንት ጊዜ ተገናኛችሁ? ከእነርሱ መካከል ከሌላ ሰው ጋር መገናኘት የጀመረ አለ? በስድስት ወር ሦስተኛው ጥያቄ ላይ “የለም” ቢባል አትደንግጡ፤ በመጀመሪያው ላይ “የለም” ከተባለ ግን ሥልጠናው ራሱ ይመርመር።

አብሮ የሚጠየቅ አራተኛ ጥያቄ አለ፦ ለዚህ ጊዜ ለማግኘት ምን ተውህ? ምንም ያልተወ መጋቢ በሦስት ወር ውስጥ ያቆማል፤ ሳምንቱ ድሮም ሙሉ ነበር። ሐዋርያት ሥራ 6፥2–4ና ዘፀአት 18፥17–23 ለአንድ ወር ቅድመ ንባብ ቢሆኑ ይህን ጉዳይ በቀጥታ ያነሡታል። የትኛውን ስብሰባ ለሌላ ሰው እንደሚያስረክብ በስም ይናገር።

በዓመቱ መካከል ደግሞ አወያዩ በእያንዳንዱ መጋቢ ትንሽ ቡድን ውስጥ አንድ ጊዜ ይገኝ። ከኋላ ይቀመጥ፣ አይናገር፣ “እንግዳችን ቃል ያካፍለን” ቢባልም እሺ አይበል። ከጨረሱ በኋላ ለብቻቸው ሦስት ጥያቄ ይበቃል፦ ምን ጥሩ ሄደ? የት ላይ ከበደህ? በሚቀጥለው ምን ትቀይራለህ? ይህ አንድ ጉብኝት በአዳራሽ ከሚደረግ ስድስት ወር ውይይት የማይገኝ ነገር ያሳያል።

አክሊል

አንድ ነገር ልጨምር፤ አወያዮቹ ሁለት ብቻ ሆነው ዓመቱን አይጨርሱ። ከአራተኛው ወር ጀምሮ ተሳታፊዎች የመጽሐፉን 50 ደቂቃ በተራ ይምሩ፤ ጥያቄዎቹን ሳምንት ቀድመው ለአወያዩ ያሳዩ፣ ከስብሰባው በኋላም 10 ደቂቃ አብረው ይገምግሙ። ስምንት ሰው፣ ከ4ኛው እስከ 11ኛው ወር ስምንት ወር፤ ለሁሉም አንድ አንድ ተራ ይደርሳል። ታላላቆቹን ከመጀመሪያዎቹ ተራዎች አስገቧቸው። ሌላውን ማናገር ምን ያህል እንደሚከብድ ያየ ሰው ራሱ ንግግሩን ያሳጥራል።

ዘሪው (ጠያቂ)

አንዳንዶቹ ውይይቱን በስልክ መቅዳት ይፈልጋሉ፤ ለቀሩት እንዲላክ ነው። ይፈቀድ?

ጽላል

አይፈቀድ። የመጽሐፉን ክፍል ውይይት ብቻ መቅዳት ይቻላል ብላችሁ ብታስቡ እንኳ፣ ስልክ ክፍት መሆኑን የሚያውቅ ሰው ሦስተኛውን እርከን ጥያቄ በእውነት አይመልስም። ቅድመ ንባቡ በድምፅ ከተላከ ለቀረው ይበቃዋል፤ የቀረውን ጥንዱ ይነግረዋል። ስልኮች በሪፖርቱና በአገልግሎት ጉዳዩ ሰዓት በአንድ ቦታ ተሰብስበው ይቀመጡ፤ አስቸኳይ ጥሪ የሚጠብቅ ካለ አስቀድሞ ለአወያዩ ይንገር።